«ዳግም» በምትል አንዲት ቃል ላይ፦ የሚኻይሎ ብራይቼቭስኪ ድርሰትና የምርምር ሕይወቱ

በጥር ወር 1954 የሶቭየት ኅብረት ኮሙኒስት ፓርቲ ማዕከላዊ ኮሚቴ ያጸደቀው አንድ ሰነድ በጋዜጦች ታትሞ ወጣ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሰነዱ ዩክሬን ከሩሲያ ጋር «ዳግም የተዋሐደችበትን» ሦስት መቶኛ ዓመት የሚመለከቱ ነጥቦች በተራ የተዘረዘሩበት ነበር። ላይ ላዩን ሲታይ ለበዓል የተዘጋጀ ጽሑፍ ይመስላል። ዳሩ ግን ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በጥር 1654 በፔሬያስላቭ ከተማ ስለ ተደረገው ጉባኤ የሚጻፍ መጽሐፍም ሆነ በክፍል ውስጥ የሚሰጥ ትምህርት ከሰነዱ ቃል መውጣት እንዳይችል ሆነ። የታሪክ ምሁራን ቀደም ሲል ወታደራዊ ትብብር፣ ጥገኝነት፣ በአንድ ዘውድ ሥር መሆን፣ መቀላቀል እያሉ በልዩ ልዩ ስም ሲጠሩት የኖሩት ድርጊት አንድ ስም ብቻ ተፈቀደለት። ስሙም «ዳግም ውሕደት» የሚል ነው።

ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1966፣ በኪየቭ የታሪክ ኢንስቲትዩት ተመራማሪ የነበረው ሚኻይሎ ብራይቼቭስኪ «መቀላቀል ወይስ ዳግም ውሕደት?» የሚል ድርሰት ጻፈ። ንዑስ ርእሱ ድርሰቱ ስለ አንድ አስተሳሰብ የቀረበ የሒስ ማስታወሻ መሆኑን ይናገራል። ድርሰቱ በመጠኑ አጭር ነው። አዲስ የመዝገብ ቤት ሰነድ አላገኘም፤ አገኘሁም አይልም። የሚመረምረው የባልደረቦቹን ቋንቋ ነው። ሆኖም ደራሲው ከዚህ ድርሰት የተነሣ ሥራውን ሁለት ጊዜ አጥቷል፤ ለስድስት ዓመት ያህልም ያለ ሥራ ኖሯል። የታሪክ መማሪያ መጽሐፍ ለሚያዘጋጅና ለሚያስተምር ሰው የዚህ ድርሰት ጥቅም ከዚህ ይጀምራል፤ አንዲት ቃል በሥርዓተ ትምህርት ውስጥ ምን ያህል ክብደት ልትሸከም እንደምትችል ያሳያልና።

ብራይቼቭስኪ በ1924 በኪየቭ ተወለደ። በ1948 ከኪየቭ ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ በዩክሬን የሳይንስ አካዳሚ በአርኪዮሎጂ ኢንስቲትዩት ሥራ ያዘ፤ በ1955 የካንዲዳት ማዕረግ አገኘ። (በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በሶቭየት ዩኒቨርሲቲዎች የተማሩ ኢትዮጵያውያን መምህራን ይህን ማዕረግ በሚገባ ያውቁታል፤ ከእርሱ በላይ የነበረው የዶክተርነት ማዕረግ ሌላ ሰፊ የጥናት ሥራ የሚጠይቅ ነበር።) በ1959 በዩክሬን ምድር ስለ ተገኘው የሮማውያን ገንዘብ አንድ መጽሐፍ አሳተመ። በ1960 ወደ ታሪክ ኢንስቲትዩት ተዛወረ፤ በ1963 ኪየቭ መቼና እንዴት እንደ ተቆረቆረች፣ በ1964 የስላቮች መንግሥታዊ ሥርዓት ከምን እንደ ተነሣ፣ በ1968 የሩስን አመጣጥ የሚመረምሩ መጻሕፍትን በተከታታይ አወጣ። በዚያ ዘመን በአካዳሚው ውስጥ ለነበረ ወጣት ምሁር ይህ ፈጣን ጉዞ ነው።

እነዚህ መጻሕፍት አሳሳቢ ጉድለት አለባቸው፤ ሳይጠቀስ መታለፍ የለበትም። ብራይቼቭስኪ ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በጥቁር ባሕር ሰሜን የተስፋፋውንና ቼርንያኺቭ የሚባለውን ባህል የስላቮች ሥራ አድርጎ በጽናት ይከራከር ነበር። ዛሬ አብዛኞቹ የአርኪዮሎጂ ምሁራን ባህሉን በዋናነት ከጎቶች ጋር ያያይዙታል፤ ስላቮችን ጨምሮ የልዩ ልዩ ሕዝቦች ድርሻ እንደ ነበረበትም ይቀበላሉ። ብራይቼቭስኪ የወገኖቹን ታሪክ ወደ ኋላ ለማርዘም የነበረው ጉጉት ማስረጃው ከሚፈቅደው አልፎ ወስዶታል። ይሁን እንጂ ከገንዘቡ ጥናት አንድ ልማድ ይዞ ወጥቷል፤ ዕቃው የተገኘበትን ቦታ፣ ብዛቱንና ጊዜውን ሳይለዩ ስለ ንግድም ሆነ ስለ ሕዝብ መናገር እንደማይገባ ተምሯል። በ1966 ይህንኑ ልማድ በቃል ላይ አዋለው። ቃሉ መቼ ተፈጠረ? ማን አመጣው? ከእርሱ በፊት በቦታው ምን ነበረ?

የቃሉ ታሪክ ከትምህርት ቤት ታሪክ የሚለይ አይደለም። በ1920ዎቹ በሶቭየት ታሪክ ጥናት ላይ የበላይነት የነበረው የሚኻይል ፖክሮቭስኪ ትምህርት የዛሮቹን መስፋፋት ያለ ማመንታት ወረራ ይለው ነበር። በዚህ አመለካከት ዩክሬን በሩሲያ ሥር መውደቋ ፍጹም ክፋት ነው። በዚያን ጊዜ ታሪክ በትምህርት ቤቶች ራሱን የቻለ የትምህርት ዓይነት አልነበረም፤ በማኅበራዊ ጥናት ውስጥ ተውጦ ነበር። በግንቦት 1934 የወጣው የመንግሥትና የፓርቲ ውሳኔ ታሪክን በቀናት፣ በስሞችና በድርጊቶች ቅደም ተከተል የሚማሩት ትምህርት አድርጎ መለሰው። ውሳኔው መምህራን ሲያማርሩበት የነበረውን እውነተኛ ችግር የነካ ነበር። ነገር ግን ትምህርቱ ሲመለስ ብቻውን አልመጣም፤ የመንግሥቱ የታሪክ ፍርድ አብሮት ገባ።

በነሐሴ 1937 ለሦስተኛና ለአራተኛ ክፍል በሚሆን የሶቭየት ኅብረት ታሪክ መማሪያ መጽሐፍ ውድድር ላይ የተሰየመው የመንግሥት ኮሚሽን ውሳኔውን አሳተመ። አንደኛ ሽልማት ለማንም አልተሰጠም፤ ሁለተኛው በሼስታኮቭ አዘጋጅነት ለተጻፈው አጭር መጽሐፍ ተሰጠ። ኮሚሽኑ የቀሩትን ተወዳዳሪዎች ሲነቅፍ የጆርጂያና የዩክሬን ወደ ሩሲያ መግባት ፍጹም ክፋት ሆኖ መቅረቡን ስሕተት ብሎ ፈረደ። ዩክሬን ያላት ምርጫ በፖላንድና በቱርክ ሱልጣን መዋጥ ወይም ወደ ሩሲያ መግባት ስለ ነበረ፣ ሁለተኛው «ያነሰ ክፋት» መሆኑን አስገነዘበ። እንግዲህ ለአንድ ትልቅ አገር የታሪክ ምሁራን ሁሉ መመሪያ የሆነው ቀመር የተወለደው የአሥርና የአሥራ አንድ ዓመት ልጆች የሚያነቡትን መጽሐፍ በመረጠ ኮሚሽን ጠረጴዛ ላይ ነው። በጦርነቱ ጊዜ፣ በጥቅምት 1943፣ በቦህዳን ክሜልኒትስኪ ስም ኒሻን ተቋቋመ፤ የፔሬያስላቭ ከተማም የእርሱ ስም ተጨመረላት። በ1951 የታሪክ ምሁሯ ኔችኪና በአንድ የታሪክ መጽሔት ላይ ባወጣችው ደብዳቤ «ያነሰ ክፋት» የሚለው ቀመር እንደገና እንዲመረመር ጠየቀች። ከሦስት ዓመት በኋላ ክፋቱ ጨርሶ ጠፋ፤ በቦታው «ዳግም ውሕደት» የተባለ በጎ ነገር ተተካ። በሃያ ዓመት ጊዜ ውስጥ አንድ ድርጊት ከፍጹም ክፋት ወደ ፍጹም በጎነት ተሸጋገረ፤ በ1654 በተደረገው ነገር ላይ ግን ምንም አልተጨመረም፣ ምንም አልተቀነሰም።

የብራይቼቭስኪ ድርሰት ኃይል ይህን ጉዞ ደረጃ በደረጃ ማሳየቱ ነው። አቀራረቡ የተረጋጋ ነው። በመጀመሪያ የቃሉን ሰዋስው ይመረምራል። «ዳግም» የሚባለው ቀድሞ አንድ የነበረና የተለያየ ነገር ሲገናኝ ነው። አንድ ሕዝብ በድንበር ሊከፈል፣ ከተከፈለም በኋላ ዳግም ሊዋሐድ ይችላል። ሁለት የተለያዩ ሕዝቦች ግን በየራሳቸው መንገድ ከተፈጠሩ በኋላ «ዳግም» የሚዋሐዱበት ምክንያት የለም። በሶቭየት መማሪያ መጻሕፍት መሠረት እንኳ የሩሲያና የዩክሬን ሕዝቦች የተፈጠሩት ከኪየቭ ሩስ መከፋፈል በኋላ ነው። ስለዚህ አንዱ የመጽሐፍ ምዕራፍ ሌላውን ያፈርሳል። ይህን ስሕተት ለማግኘት የመዝገብ ቤት ቁልፍ አያስፈልግም፤ መጽሐፉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያነበበ ንቁ ተማሪ ሊያገኘው ይችላል። ምናልባትም ድርሰቱን አስፈሪ ያደረገው ይህ ቅለቱ ነው።

ሁለተኛው ክርክር የበለጠ ይወጋል። በሰነዱ መሠረት የዩክሬን ሕዝብ ለዘመናት የታገለው ከሩሲያ ጋር ለመዋሐድ ነው። እንደዚያ ከሆነ፣ ይላል ብራይቼቭስኪ፣ በዓለም ላይ ያለ ሕዝብ ሁሉ ለነጻነቱ ሲታገል ይህ አንድ ሕዝብ ብቻ በራሱ ነጻነት ላይ ታግሏል ማለት ነው። ከ1654 በኋላ ከሞስኮ ለመለየት የሞከረ መሪ ሁሉ በመማሪያው መጽሐፍ ውስጥ ከሃዲ የሚባለውም ከዚሁ የተነሣ ነው። ደራሲው እዚህ ላይ ቁጣውን ለመደበቅ ብዙ አልጣረም። ሆኖም ቁጣው ክርክሩን አላበላሸውም፤ የባልደረቦቹን አስተሳሰብ ወደ መጨረሻው ጫፍ ወስዶ ምን እንደሚመስል አሳይቷቸዋል።

ሦስተኛው ስለ ኅብረተሰቡ ሁኔታ ነው። በ1648 የተነሣው ዐመፅ በኮሳኮች ግዛት የፖላንድ መኳንንትን አባርሮ ገበሬውን ከጌታው ቀንበር በተግባር አላቀቀው። በ1649 ደግሞ በሞስኮ የጸደቀው የዛር አሌክሲስ የሕግ መጽሐፍ የሩሲያን ገበሬ ለዘለቄታው ከመሬትና ከጌታ ጋር አስሮታል። የተላቀቀው ወደ ታሰረው ሲገባ የመደብ ትግል ድል ነው ብሎ ማስተማር እንዴት ይቻላል? የቀረውን የኋላው ታሪክ ይነግራል፤ በ1667 በአንድሩሶቮ ውል ዩክሬን በሩሲያና በፖላንድ መካከል ተከፈለች፤ በ1764 የሄትማን ሥልጣን ተሰረዘ፤ በ1775 የዛፖሪዝያ ኮሳኮች ሰፈር ፈረሰ፤ በ1783 የግራው ዳርቻ ገበሬ ከመሬቱ እንዳይለቅ ታዘዘ። ብራይቼቭስኪ እነዚህን ነገሮች የመዘነው ሥርዓቱ ራሱ በሚቀበለው ሚዛን ነው። የዛሮቹን መንግሥት የሕዝቦች እስር ቤት ብሎ የጠራው ሌኒን ነውና፣ ሌኒንን ጠቅሶ ሌኒን ያወገዘውን ለምን ታወድሳላችሁ ይላል።

የድርሰቱ ድክመትም ከዚሁ ከጥቅሱ ጋር የተያያዘ ነው። ደራሲው ማርክሳዊነቱን እንደ መከላከያ ጋሻ ብቻ አልያዘውም፤ ያምንበት እንደ ነበር ከአጻጻፉ ይታያል። ይሁን እንጂ አንድን የታሪክ ጥያቄ ከሊቃውንት መጻሕፍት በተወሰደ ጥቅስ መፍታት የባለጋራዎቹም ዘዴ ነው። ጥቅስ በጥቅስ ሲመከት አንባቢው የትኛው ጥቅስ እንደሚበልጥ ይረዳል እንጂ በ1654 ምን እንደ ሆነ አይረዳም። ጥቅሶቹ የነበራቸው ሥልጣን ሲያበቃ እነዚያ ገጾች አብረው አርጅተዋል፤ የሰዋስውና የኅብረተሰብ ክርክሮቹ ግን አላረጁም።

ከዚህ የሚከብድ ሌላ ጉድለት አለ። የድርሰቱ ርእስ ሁለት ምርጫ ብቻ ያቀርባል። «መቀላቀል» ብሎ የመረጠው የዩክሬንኛ ቃል ለስለስ ያለ ነው፤ ከአንድ ነገር ጋር መጨመርን ይናገራል፤ ወደ እንግሊዝኛ ሲተረጎም ነው በኃይል መጠቅለልን የሚያሰማ ቃል የተሰጠው። ነገር ግን ለስላሳውም ሆነ ከባዱ ቃል በፔሬያስላቭ የተሰበሰቡት ሰዎች ምን እናደርጋለን ብለው እንዳሰቡ አይናገርም። ኮሳኮቹ የዛሩ መልእክተኛ ቡቱርሊን በዛሩ ስም እንዲምል ጠየቁ፤ የፖላንድ ነገሥታት ለተገዢዎቻቸው ይምሉ ነበርና። ቡቱርሊን ዛር ለተገዢው አይምልም ብሎ እምቢ አለ። ኮሳኮቹ ለብቻቸው ማሉ። ከዚያም በመጋቢት ወር በሞስኮ የተስማሙባቸው አንቀጾች ስድሳ ሺህ የተመዘገቡ ኮሳኮችንና ሄትማኑ ከውጭ አገር መልእክተኞች ጋር የሚነጋገርበትን ገደብ ያለው መብት አጸደቁ። አንደኛው ወገን ውል ገባሁ ሲል ሌላው ተገዢ ተቀበልኩ አለ። ይህ አለመግባባት ራሱ የታሪኩ ልብ ነው። ለአንድ መምህር ክፍል ውስጥ ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ አይገኝም፤ ተማሪዎች የቡቱርሊንን እምቢታ ከሁለቱም ወገን ሆነው ሊከራከሩበት ይችላሉ። ብራይቼቭስኪ አንዱን ስም በሌላ ስም ለመተካት ባይቸኩል ኖሮ ድርሰቱ የቃል ሒስ ከመሆን አልፎ የታሪክ ሥራ ይሆን ነበር። ቸኩሏል ብሎ መፍረድ ግን በነጻነት ተቀምጦ ለሚያነብ ሰው ይቀላል።

ድርሰቱ በአገሩ አልታተመም። በጽሕፈት መኪና እየተባዛ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፍ ነበር፤ በዩክሬንኛ «ሳምቪዳቭ» የሚባለው ራስን በራስ የማሳተም ዘዴ ይህ ነው። በ1968 ደራሲው ከታሪክ ኢንስቲትዩት ተሰናበተ፤ የሩስን አመጣጥ የሚመረምረው መጽሐፉ የወጣውም በዚያው ዓመት ነው። በ1970 ወደ ቀድሞው የአርኪዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተመለሰ። የኢንስቲትዩቱ ዲሬክተር በዚያን ጊዜ ፌዲር ሼቭቼንኮ ነበር፤ ይህ ምሁር በ1957 የተመሠረተውን የዩክሬን ታሪክ መጽሔት መጀመሪያ በዋና አዘጋጅነት የመራ ሰው ነው። መጠለያው ሁለት ዓመት ብቻ ቆየ።

በ1972 የሆነው የአንድ ሰው ጉዳይ አልነበረም። በጥር ወር ብዙ የዩክሬን ምሁራንና ጸሐፊዎች ታሰሩ፤ በግንቦት የሪፑብሊኩ ፓርቲ የመጀመሪያ ጸሐፊ የነበረው ፔትሮ ሼሌስት ተነሥቶ ሽቼርቢትስኪ ተተካ። በዚያው ዓመት ድርሰቱ በካናዳ፣ በቶሮንቶ፣ ታተመ፤ ብራይቼቭስኪም እንደገና ከሥራ ወጣ። ሼቭቼንኮ ከዲሬክተርነቱ ተነሣ። የኮሳኮችን ወታደራዊ ታሪክ የምታጠናውና በኮርቲትሲያ ደሴት ላይ የታሪክ ቅርስ ጥብቅ ስፍራ እንዲቋቋም የደከመችው ኦሌና አፓኖቪች ከታሪክ ኢንስቲትዩት ተሰናብታ ወደ አካዳሚው ቤተ መጻሕፍት ሄደች። እርስዋ በዚያ ከብራና ጽሑፎች ጋር ሠራች፤ በዚህም ከሞያዋ ሙሉ በሙሉ አልተለየችም። ብራይቼቭስኪ ግን እስከ 1978 ድረስ ደመወዝ የሚከፍለው የምርምር ተቋም አልነበረውም። ሥዕልም ግጥምም የሚሞክር ሰው ነበር፤ ለአንድ የአርኪዮሎጂ ምሁር ግን የቁፋሮ ቦታና ቤተ ሙከራ መነፈግ ማለት የሥራ መሣሪያውን መነጠቅ ማለት ነው፤ ብዕርና ወረቀት አይተኩትም።

የምርምር ሥራ አመራር ለሚያጠና ሰው ከዚህ የሚታየው ዋናው ነገር የቅጣቱ ጭካኔ አይደለም፤ በ1930ዎቹ ከዚህ እጅግ የከፋ ደርሷል። መታየት የሚገባው አሠራሩ ነው። ቀጣሪው አንድ፣ አሳታሚው አንድ፣ ማዕረግ ሰጪውም አንድ ሲሆን፣ ምሁሩን ለማስወገድ ፍርድ ቤት አያስፈልግም። የሥራ መደቡ ይታጠፋል፤ ጽሑፉ ከመጽሔቱ ይወጣል፤ የመመረቂያ ጥናቱ ቀን አይቆረጥለትም። የቀሩት ባልደረቦች ደግሞ ሳይታዘዙ ራሳቸውን ያርማሉ። ለዚህ ዋናው ማስረጃ በዚያ ዘመን የወጡት የትምህርት ቤት መጻሕፍት ናቸው፤ ደራሲዎቻቸው ሲለዋወጡ ስለ 1654 የሚናገሩት አንቀጽ አልተለወጠም።

በ1978 ብራይቼቭስኪ ወደ አርኪዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተመለሰ። በ1982 የኪየቭ ከተማ የ1500ኛ ዓመት በዓል በመንግሥት ደረጃ በታላቅ ድምቀት ተከበረ። ከተማዪቱ በአምስተኛው መቶ ዘመን መጨረሻና በስድስተኛው ገደማ መቆርቆሯን ከሚደግፉት ጽሑፎች አንዱ በ1963 የወጣው የእርሱ መጽሐፍ ነበር። መንግሥት የሚጠቅመውን የጥንት ዘመን ሲቀበል የማይጠቅመውን የቅርብ ዘመን እንደ ከለከለ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። የበዓሉ ቁጥር ራሱ በአርኪዮሎጂ ማስረጃ በኩል አከራካሪ መሆኑም አልቀረም።

በ1988 የጸደይ ወራት የሶቭየት ኅብረት ባለሥልጣኖች የትምህርት ቤቶችን የታሪክ ማጠቃለያ ፈተና ሰረዙ። መማሪያ መጻሕፍቱ እምነት የሚጣልባቸው አለመሆናቸው በአደባባይ ስለ ታመነ፣ ተማሪን ከእነርሱ ፈትኖ ነጥብ መስጠት የማይቻል ሆኖ ነበር። በፈተናው ፈንታ ነጥብ የማይሰጥበት ውይይት እንዲደረግ ተወሰነ። «ዳግም ውሕደት» የሚለውን አንቀጽ ለሠላሳ አራት ዓመት በቃል ሲያስጠኑ የኖሩ መምህራን የሚይዙት መጽሐፍ ሳይኖራቸው ከተማሪዎቻቸው ፊት ቆሙ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1989፣ ብራይቼቭስኪ የዶክተርነት ማዕረግ ተሰጠው፤ ካንዲዳት ከሆነ ሠላሳ አራት ዓመት አልፎት ነበር። ማዕረጉን ያገኘው ክርስትና በሩስ ስለ ጸናበት ሁኔታ ባደረገው ጥናት ነው። ከነጻነት በኋላ እንደገና በተከፈተው በኪየቭ ሞሂላ አካዳሚ አስተምሯል፤ በ2001 ኪየቭ ውስጥ ዐረፈ። የፔሬያስላቭ ከተማ በ1943 የተጨመረላትን ስም ትታ የቀድሞ ስሟን ብቻ የያዘችው በ2019 ነው።